ተቆራጭ

ሦስተኛው መስኮት ላይ፣ ከመስታወቱ ኋላ
ማኅተም ይዤ ስኖር ሃያ ዓመቴ ሞላ።
ፍርድ አልሰጥም እኔ፤ ምክርም አልሰጥም፤
«ሁለት ቅጂ» እላለሁ፤ ሌላ አልጨምርም።
ተንደር ቤይ ላይ ክረምት ሚያዝያንም ይወስዳል፤
ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ መርከብ ያስተኛል፤
ሰው ግን በረዶውን ከጫማው አራግፎ
ይመጣል፣ ፋይሉን በፌስታል አቅፎ።

ሬዮ ካንጋስ መጣ በጥቅምት መጨረሻ፤
የመጋዝ ብናኝ አለ በጃኬቱ ትከሻ፤
ግራ እጁን ከኪሱ አላወጣም ነበር።
«ይቀነስልኝ» አለ፣ እየፈራ ሲናገር፣
«ስምንት መቶ አርባ ነው። ያኔ ስትቆርጡት
ሙሉ ፈረቃ ነበረኝ፤ ፋብሪካዎቹ ቆረጡት።»
ከዚያ ዝም አለ ጥቂት፤
እጁን አውጥቶ አኖረው ከመስኮቱ ፊት፤
ሁለት ጣት የለውም።
«ይሄንንም ደግሞ መጋዙ ቆረጠው፤
ተቆራጩ ብቻ፣ እሱ ነው ያልተቆረጠው።»
ሊስቅ ፈልጎ ነበር። እኔም ልስቅለት።
ከጀርባው ግን ወረፋ፣ አሥራ አራት ሰው አለበት።

«ከኮሊን ጋር» አለ፣ «ተስማምተናል እኮ አምና፤
ልጃችን ሸርተቴ ስትለማመድ፣ ከውጭ፣ መኪና
ማቆሚያው ላይ ቆመን።
ግማሹን ስጠኝ አለች፣ ሥራህ እስኪቃና።»
«በጽሑፍ አለህ?» አልኩት፣ ከቅጹ ቀና
ሳልል።
«በቃል ነዋ!» አለኝ፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ ይባላል። አልረሱም።
እሱም ያስታውሳል፤ አልካደችም እሷም፤
ኮምፒዩተሩ ብቻ ከቶ አልሰማቸውም።
በየወሩ የጎደለውን ዕዳ እያለ ጽፎ፣
መንጃ ፈቃዱን ሊያግድ ደብዳቤ አሳልፎ፣
ዓመት ሙሉ ደመረ፤
አምስት ሺህ አርባ ዶላር።

ቅጹን ሰጠሁት። አሥራ ስምንት ገጽ ነው።
በኅዳር ተመለሰ፤ የደሞዝ ማስረጃው
ሦስት ዓመት ይላል ሕጉ፣ የሁለት ነው የያዘው።
መለስኩት።
በጥር ተመለሰ። ገጽ ሰባት ባዶ ነው፤
ፊርማውም ከመሥመሩ ወጥቶ የተንጋደደ።
መለስኩት።
ማታ ቤቴ ገብቼ እጄን ታጠብኩት፤
ቀለም አልነበረበትም። ታጠብኩት።

በመጋቢት፣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል፣
አንዲት ሴት ቀድማ ገባች፤ እሱ ከኋላዋ
ባርኔጣውን ጨብጦ።
«ተጠሪዋ እኔ ነኝ። ኮሊን እባላለሁ።
ቅጹን የሞላሁትም እኔ ነኝ፣ እንዳትቆጪው፤
በግራው ነበር የሚጽፍ።»
መነጽሯን አውልቃ ለእሱ አቀበለችው፤
የሚፈርምበትን በጣቷ አሳየችው።
በአመልካች ቦታ የእሷ እጅ ጽሑፍ፣
በተጠሪም ቦታ የእሷ እጅ ጽሑፍ፤
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በሁለት ወገን ክርክር
አንድ እጅ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም ነበር።
ስለ ዕዳው በሚጠይቀው ጠባብ ሣጥን ውስጥ
ፊደሎቿን አጥብባ እንዲህ ብላለች፦
«ተስማምተን ነበር። ከፍሏል።
ለእናንተ መንገር የረሳሁ እኔ ነኝ።»

ዳኛዋ በሩብ ሰዓት አዩና ጨረሱት፤
ሦስት መቶ ዘጠና አዲሱን ቆረጡት፤
ዕዳውንም ሰረዙት።
ደረጃው ላይ አልተጨባበጡም። በመስኮት አየኋቸው፤
እሷ ወደ መኪናዋ፣ እሱ ወደ አውቶቡሱ፤
መነጽሯ ግን ከእሱ ዘንድ ነበር፣ አንገቱ ላይ፤
ግማሽ መንገድ ሄዳ ተመልሳ ወሰደችው።

ሐይቁ በረዶውን በፈታ በግንቦት
ሬዮ መጣ ደግሞ፤ ቁጥር ወስዶ፣ ወረፋ ይዞ፤
ተራው እስኪደርስ አንድ ሰዓት ቆመ።
«ቱሊ አሥራ ሦስት ሞላት» አለ፤ «እግሯ አደገ፤
ሸርተቴ ጫማዋ ጠበበ፤ አዲስ ፈለገች፤
እናቷ ዘንድ ጠይቃ፣ ለእኔ ግን ደበቀች።»
ወደ መስታወቱ ጠጋ፣ ድምፁን ዝቅ አርጎ፤
«ከተቆረጠው በላይ ሃምሳ ብጨምርበት
ሕጉ ይከለክላል? ለዚህስ የቱ ነው ቅጹ?»

መሳቢያዬን ሳብኩት። ቀጥሎ ሁለተኛውን።
ለመቀነስ አለ፤ ለማስቆም፤ ለማገድ፤
ይግባኝ ለማለትም፤ አድራሻ ለመቀየር።
«ለእሱ ቅጽ የለንም» አልኩት።
አላመነኝም መሰለኝ። ቆሞ ቀረ ትንሽ፤
ሦስት ጣቱን ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ አሳርፎ
«እሱን» አለኝ፣ «በጽሑፍ ስጪኝ።»